ግድቡ ላይ የተንሳፈፉት ዓሦች

ሠርካለም ዓዲ ጓዕዳድ ግድብ ስትደርስ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፍፈዋል፤ ገና ያልሞቱትም እንደ ሰከረ ሰው ባሉበት ይሽከረከራሉ። አንዱን ከውኃው አነሣችው። አፉን እየከፈተ እየከደነ መዳፏ ላይ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። ቀና ብላ ከግድቡ በላይ ያለውን የቲማቲም ማሳዋን አየች። ለቃኘው ጦር ሰፈር የአሜሪካ ወታደሮች የሚገዛው ነጋዴ ትል ያለበትን አልወስድም ስላላት፣ ከትናንት በስቲያ የተባይ መድኃኒት ረጭታ ነበር። በዚያው ቀን የጣለው ዝናብ ማሳውን አጥቦ ግድቡ ውስጥ ገብቷል።

ጎረቤቷ ሓረጉ ቀሚሷን ሰብስባ ውኃው ዳር ዓሣ በዘንቢል ትለቅማለች። "ንዒ ሓብተይ!" አለቻት እየሳቀች። "ነይ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያለ መረብ ሰጠን!"

ሠርካለም መናገር ፈራች። ከተናገረች፣ የሰፈሩ ሰው ከብቱን የሚያጠጣበትን ውኃ ማን እንደመረዘው ሁሉም ሊያውቅ ነው። ዘንቢሉ ሲሞላ ግን አላስቻላትም፤ ሮጣ ነጠቀቻትና ዓሣውን መሬት ላይ ዘረገፈችው።

"አትብሉት! መርዝ ነው። የረጨሁት እኔ ነኝ።"

ትጮህብኛለች ብላ ጠበቀች። ሓረጉ ግን እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ ቤቷ ዞረች።

"ትናንትም ለቅሜ ነበር፤ ማታ ጠብሼ ልጆቼን አብልቻቸዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ትንሿን ዛሬ ጠዋት ብቀሰቅሳት ብቀሰቅሳት አልነሣ አለችኝ። ደክሟት ነው ብዬ ትቻት መጣሁ።"

ሠርካለም ክንዷን ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ፣ ሓረጉ መሮጥ ጀምራ ነበር።