ሁለተኛዋ በረኛ

ኢክራም ከበረዶው ላይ አልተነሳችም። የሆኪውን ፐክ፣ ያቺን ጠፍጣፋ የጎማ ክብ፣ ልታግድ እግሯን እንደ ዘረጋች ሁለት ተጫዋቾች ወድቀውባት፣ አሁን ጉልበቷን ይዛ ጎሉ ፊት ተኝታለች። እናቷ ፊርደውስ ወንበሮቹን እየዘለለች ወደ ታች ትሮጣለች። የኔነሽ ግን ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም። ተቀያሪዎቹ ጋ የራሷ ልጅ ጸዮን የራስ ቁሯን ስታጠልቅ እያየች ነው።

አሰልጣኙ ወላጆችን ባገኘ ቁጥር፣ “አንድ በረኛ ብቻ ያለው ቡድን ያለው አንድ ጉልበት ነው” ይላል። ይላል እንጂ፣ ጨዋታ ሲደርስ የሚያስገባው ኢክራምን ነው። ጸዮን ልምምዱን ሁሉ እየሠራች፣ በጨዋታ ቀን ለሌሎቹ የሜዳውን በር ስትከፍትና ውሃ ስታቀብል ከረመች። እናት ደግሞ ይህን አይቶ የሚችል አንጀት የላትም።

ከገና በፊት ለዑራኤል ተሳለች። “ቦታውን ክፈትላትና ጃንጥላ አስገባለሁ” አለች። እንዴት እንደሚከፈት አልተናገረችም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን፣ ማሰቧ አልቀረም። ይህን ያህል ጨዋታ ያየች ሴት፣ በረኛ ቦታውን የሚለቀው ሲጎዳ መሆኑን አታጣውም። ዑራኤል የነገሩትን አይረሳ፣ የለመኑትን አይነሳ።

ኢክራምን በቃሬዛ ሲያወጧት የኔነሽ ወደ መተላለፊያው ወረደች። እሷንና ጸዮንን ከሰፈራቸው ከጄን ኤንድ ፊንች በዚያ ብርድ በመኪናዋ የምታመላልሳቸው ይህችው ፊርደውስ ናት።

ኢክራም ጥርሷን ነክሳ ተኝታለች። “ማሚ፣ አይም ፋይን። ሂጂ ጸዮንን እይልኝ። በግራ በኩል ጎሉን ክፍት ትተዋለች።”

ፊርደውስ ዓይኗን በስካርፏ ጫፍ ጠረገችና ዞር አለች። “አምቡላንሱ እየመጣ ነው። ሊጋመንቷ፣ የጉልበቷ ጅማት፣ ተበጥሶ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሲዝኑ አለቀባት፣ የኔዬ።”

“ፊርዱዬ…”

“ኮቹን ስንቴ ኮል አድርጌ ለመንኩት! ጉልበቷን እያመማት ነው፣ ግማሹን ጌም ለጸዮን ስጣት፣ ልጅቷም ትልመድ፣ የኔዋም ትረፍ አልኩት። ነክስት ዊክ፣ ነክስት ዊክ ሲለኝ ይኸው!”

የኔነሽ ግድግዳውን ተደገፈች። እሷ አሰልጣኙን አንድም ቀን አላናገረችውም። እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል ብላ፣ ደግሞም ለልጇ መለመን ውርደት መስሏት፣ በአንድ ስልክ ሊያልቅ የሚችለውን ጉዳይ ታቦት ፊት ወሰደችው። ያን ስልክ ብትደውል የሚለምኑት ሁለት እናቶች ይሆኑ ነበር። ምናልባት ሰውየው ይሰማ ነበር።

አዳራሹ ድንገት በጩኸት ተናወጠ። በመስታወቱ ውስጥ ጸዮን በግራ ተወርውራ ፐኩን በጓንቷ ይዛለች።

“ያዘችው! አየሽ፣ በግራ ያዘችው!” ፊርደውስ እንባዋ ሳይደርቅ የኔነሽ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

“ፊርዱ፣ ይቅር በይኝ።”

“ለምኑ?” አለች ፊርደውስ፣ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል።

ጸዮን የራስ ቁሯን ከፍ አድርጋ እናቷን በወንበሮቹ መሃል ትፈልጋለች። ፊርደውስ “እዚህ ነን! እዚህ!” እያለች መስታወቱን በሁለት እጇ ትደበድባለች። የኔነሽ ከፊርደውስ ጀርባ ተሸሽጋለች።