የሽንት ቤቱ ቀን መቁጠሪያ

ፊሊፓ! ሜይ አሥራ ዘጠኝ አጠገብ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። በወይዘሮ ቪለማይን ሽንት ቤት ውስጥ ቀሚሴን እንደ ሰበሰብኩ አፈጠጥኩበት። ወደዚህ ሕንፃ ከመጣች ገና አራት ወሯ!

እዚህ ዘ ሄግ ሰው የወዳጁን ልደት የሚጽፈው ሽንት ቤት በሚሰቅለው፣ ዓመት በማይጻፍበት ቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። በየቀኑ ያየዋላ! ወይዘሮ ቪለማይን በመጀመሪያው ዓመት አንዱን ለኔም ሰጥተውኝ፣ "የሰው ስም ሽንት ቤት ይሰቀላል እንዴ? ነውር አይደለም?" ብዬ ከባሌ ጋር ሆዳችንን ይዘን ስቀናል።

አሁን ግን አላሳቀኝም። ከሳቸው በላይ ያለው ፎቅ ላይ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። ሲታመሙ ሾርባ ያወረድኩ እኔ፣ የጠፋ መነጽራቸውን ሶፋ ሥር ተንበርክኬ የፈለግኩ እኔ! ስሜ እዚህ ግድግዳ ላይ እንደሌለ አውቃለሁ። "የውጭ አገር ሰው አይጽፉም። ኪራያችንን የባሎቻችን መሥሪያ ቤት የሚከፍልልን፣ ነገ ደግሞ ሻንጣችንን ይዘን የምንሄድ ሰዎች ነን" እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ታዲያ ፊሊፓ ከለንደን አይደል እንዴ የመጣችው?

ገጹን ገለጥኩ። ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት። የጥርስ ሐኪማቸው አለ። የሞተው ውሻቸው ሳይቀር አለ! ሴፕቴምበር ሦስት፣ የኔ ቀን፣ ባዶ ነው።

በሩ ተንኳኳ። "ሲሃም፣ እዚያው ልትከርሚ ነው እንዴ?" ፊሊፓ ናት፣ እየሳቀች።

እስክሪብቶው በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። የወይዘሮ ቪለማይንን ዘንበል ያለ ጽሕፈት አስመስዬ "ሲሃም" ብዬ ጻፍኩና ውኃውን ለቅቄ ወጣሁ። እጄን መታጠቤንም እንጃ።

ሳሎን ውስጥ ወንበሮቹ ክብ ሠርተዋል። ዛሬ ወይዘሮ ቪለማይን ሰባ ስምንት ዓመት ሞላቸው፤ እህታቸውም ጎረቤቱም አንዳንድ ቁራሽ ኬክ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ስሠራ የዋልኩት አንድ ትሪ ባቅላዋ፣ የአገሬ ጣፋጭ፣ ጥግ ላይ እንዳለ ነው። ፊሊፓ ከሱቅ የገዛችው ኬክ ግን ፍርፋሪው ብቻ ቀርቷል።

ብዙም ሳይቆይ ራሷ ከሽንት ቤቱ ወጥታ መጣች። "ሲሃም! ልደትሽ ሴፕቴምበር ሦስት ነው እንዴ? ከእናቴ ጋር በአንድ ቀን!"

"ሴፕቴምበር ሦስት?" አሉ ወይዘሮ ቪለማይን። ተነሥተው ወደ ሽንት ቤቱ ሄዱ። ሲመለሱ ቀን መቁጠሪያውን ከነሚስማሩ ነቅለው ይዘውታል።

"ይሄ የኔ ጽሕፈት አይደለም" አሉ። የዚህ አገር ሰው እንግዳ አለ የለም ብሎ አያፍርም፣ እዚያው ፊት ለፊት! "አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። "አዎ… እኔ ነኝ።"

"ምን አስደበቀሽ? ልደትሽ መቼ ነው ብዬ ስንቴ ጠየቅኩሽ? 'ይተዉት፣ በዚህ ዕድሜ ምን ልደት አለ' ትይኛለሽ። ይቺ ደግሞ" ወደ ፊሊፓ ጠቆሙ፣ "ገና በሩ ላይ እጄን ስትጨብጥ 'ሜይ አሥራ ዘጠኝ፤ ቸኮሌት እወዳለሁ' አለችኝ።"

"ታዲያ ልዋሽሽ ነው፣ ቪለማይን? እወዳለኋ!" አለች ፊሊፓ። ሁሉም ሳቀ። አንቺ ነው የምትላቸው! እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ እርስዎ ስል ምላሴ ሊላጥ ምንም አልቀረው።

መጠየቁንስ ጠይቀውኛል፤ አልክድም። እኛ ቤይሩት ግን የሚወድሽ ሰው አጠያይቆ፣ ባልሽን ለምኖ ይደርስበታል እንጂ ማን የገዛ ልደቱን ያውጃል? እስኪደርሱበት ነበር የምጠብቀው።

ወይዘሮ ቪለማይን ተቀመጡ። ቀን መቁጠሪያውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ በኔ ፊደል ላይ ስሜን በወፍራሙ ደግመው ጻፉት። በራሳቸው እጅ! ፊሊፓን በጎን አየኋት። ደስታዬን ገና ሳልጨርስ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁኝ።

"እኔስ? አንቺ ቤት የትኛው ገጽ ላይ ነው ያለሁት?"

ክቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፊሊፓ ሳትቀር ማላመጧን አቆመች። ለኔ የታየኝ ፎቅ ላይ ያለው የወጥ ቤቴ መሳቢያ ነው። ከአሮጌ ቁልፎችና ካለቀ ባትሪ ሥር፣ የሰጡኝ ቀን መቁጠሪያ፣ የታሸገበት ፕላስቲክ እንኳ ሳይቀደድ።