ጓሮ ያረፈው ድንጋይ

መምህርት እማዋይሽ ትሪው ላይ በርበሬ አነጠፉ፤ በላዩ ነጭ ዱቄት ነሰነሱበትና "በሉ፣ አንድ ሰው ሰማይ ይሁንልኝ" አሉ። ከከተማ ለጉብኝት የመጡት ተማሪዎች ሳቁ። ሶስና የምትባል ቀጭን ልጅ ወንበር ላይ ወጥታ መምህርቷ የሰጧትን ብይ ትሪው ላይ ለቀቀችው። በርበሬው ከሥር ፈንድቶ ነጩ ዱቄት ላይ ዙሪያውን ቀይ ጨረር ሠራ፤ ክፍሉን በሙሉም አስነጠሰው።

"አያችሁ? የሰማይ ድንጋይ የተቀበረውን ያወጣዋል። ያ ቀይ አፈርም እንዲሁ ከሥር የወጣ ነው" አሉና በመስኮቱ ድንጋዩ የወደቀበትን ክብ ሐይቅ ዳርቻ አሳዩአቸው።

ከዓመታት በፊት አንድ ጅራታም ኮከብ ወደ ምድር ሲመጣ መመለስ አልተቻለም ነበር። የሚወድቅበትን ቦታ መምረጥ ግን ይቻል ነበር፤ ያውም ባለመሬቱ ከፈቀደ ብቻ። ዝም ቢባል የሚያርፈው ተማሪዎቹ የመጡበት ከተማ ላይ ነበር። የእማዋይሽ መንደር ተሰብስቦ መከረና "ወደ እኛ ይምጣ" አለ።

"መምህርት፣ ሐይቁ ያለበት ቦታ ድሮ ምን ነበር?" አለች ሶስና።

"ጓሮዬ። የዚህ በርበሬ ዘር የተለቀመው ከዚያ ነው። እናቴ የተከለችው ኮክም ነበረኝ።"

"ታዲያ አይቆጭዎትም?"

"እንዴት አይቆጨኝ! ኮክ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።" ከዚያ ልጅቷን ትኩር ብለው አዩአት። "አንቺ መቼ ተወለድሽ?"

"ድንጋዩ በወደቀ በዓመቱ።"

"የት?"

"እዚያው ከተማ።"

እማዋይሽ በቀሚሳቸው ጫፍ ከልጅቷ አፍንጫ ላይ ዱቄቱን ጠረጉላትና ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ።

"በይ ቀና በይ፤ የጓሮዬ ፍሬ አንቺ ነሽ።"