ብርቱካናማው መጋዝ

ጡረታ የወጣው ሾፌር በዚህ ዓለም ላይ ሙሉ በሙሉ የሚያምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሞተር መጋዙን።

መጋዙ አሮጌ ነው። ብርቱካናማ ቀለሙ ደብዝዟል፤ እጀታው ላይ ሾፌሩ ራሱ በጋለ ሚስማር የጻፈው የስሙ የመጀመሪያ ፊደል አለ። ለብርዱ ወራት የሚሆነውን ማገዶ የሚቆርጠው በዚሁ መጋዝ ነው። ጎረቤት ሊዋሰው ሲመጣ፣ "የጥርስ ብሩሼን ብትለኝ ይቀለኛል" ብሎ ይመልሰዋል።

ልቡን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ፍቅሩ ባሰበት።

"ሰው ሲያረጅ ይከብዳል፣ ይነጫነጫል" ይላል፣ ባንድ እጁ ከፍ አድርጎ እያሳየ። "ይሄ ግን ጭራሽ ቀለለ፤ ድምፁም ለሰለሰ። ድሮ ሦስት አራቴ ስቤ ነበር የሚነሳው። አሁን በአንዱ!" ከዚያ የተለመደችውን ቀልዱን ያስከትላል። "እሱ የቆመ ቀን እኔም እቆማለሁ። አንድ ላይ ቅበሩን።"

ሰው ይስቃል። ሚስቱ አትስቅም፤ ተነስታ ዕቃ ማነሳሳት ትጀምራለች። ትምህርት ቤት ስዕል የምታስተምር፣ ሰው ትኩር ብሎ ካያት የምትናገረው የሚጠፋባት ዓይነ አፋር ሴት ናት።

ነገሩን ያመጣችው የሾፌሩ ታላቅ እህት ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ተቀመጠች።

"ሚስትህ መካኒኩ ጋ ምን ትሠራለች?"

"የትኛው መካኒክ?"

"ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር የሚጠግነው። አንተ ለምርመራ በሄድክ ቁጥር እሷ እዚያ ናት። በር ዘግተው ነው አሉ።"

"ማን አለ?"

"እኔ አልኩ! ባለፈው ትልቅ ሻንጣ አንጠልጥላ ስትገባ በዓይኔ አየኋት። ልብሷን በየተራ እያጓዘች እንደሆነም እንጃ።"

"የሚጠገን ነገር ይዛ ሄዳ ይሆናል።"

"እዚህ ቤት ሞተር ያለው ያንተ መጋዝ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ተበላሽቶ አያውቅም። አገር ምድሩን በዚህ ወሬ የምታደነቁረው አንተ አይደለህም እንዴ?"



ያን ዕለት ማታ ሚስቱ መድኃኒቱን ስታቀብለው እጇን አየ። ጥፍሯ ሥር ብርቱካናማ ቀለም ገብቷል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እ... ከተማሪዎቹ ጋር ስዕል ስንሠራ ነው።"

ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ከተዘጋ ሳምንት አልፎታል። ሾፌሩ ክኒኑን ዋጠ። ጎንበስ ስትልለት ሻርፗ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተው።

በማግስቱ ወደ መካኒኩ ሄደ። የጋራዡ በር አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ብርቱካናማ። ሲገፋው ገና ያልደረቀው ቀለም መዳፉን ያዝ አደረገው።

"ጋሼ! ምነው በደህና?" መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብድግ አለ።

 የሾፌሩ ዓይን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። እዚያ፣ ከመፍቻዎቹ መሀል፣ የሚስቱ መነጽር ተቀምጧል። መርፌ ላይ ክር ስትሰካና ስዕል ስትሥል ብቻ የምታደርገው መነጽር።

"ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?"

"እ... እትዬ ረስተውት ነው።"

"ምን ልትሠራ መጥታ?"

መካኒኩ ወደ በሩ ተመለከተ። "ለበሩ ቀለም እንዲመርጡልኝ ለምኛቸው ነበር።"

"ጥሩ አማካሪ አግኝተሃል።" ሾፌሩ ግራ ቀኙን ቃኘ። መደርደሪያው ላይ በጆንያ የተሸፈነ ነገር አለ። መካኒኩ ቀስ ብሎ ሄዶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

"ከኋላህ ያለውስ?"

"የሞተ ሞተር ነው፣ ጋሼ። ልጥለው ብል አላስጥል ብለውኝ ነው።"

ሾፌሩ መነጽሩን ኪሱ ከቶ ወጣ። ቤት እንደደረሰ ሚስቱ ፊት አስቀመጠው።

"ወዳጅሽ ልኮልሻል።"

አንገቷን ደፋች።

"ምን ጎደለብሽ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።"

"ምንም አልጎደለብኝም።"

"እንግዲያው እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

አፏን ከፈተች። በመስኮቱ በኩል መጋዙ ወደሚቀመጥበት ጎጆ አየች፤ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ወደተደረደሩት የልብ መድኃኒቶች። አፏን መልሳ ገጠመች።

"ልነግርህ አልችልም።"

"ወይ ትነግሪኛለሽ፣ ወይ ዛሬውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እህቴ ቤት እገባለሁ።"

 "ሂድ እንግዲህ" አለች፣ እንባዋ እየወረደ። "መድኃኒትህን ግን እንዳትረሳ።"

ሾፌሩ በሩን አላትሞ ወጣ። ጥሏት ቢሄድም ለብርዱ ያለ ማገዶ ሊተዋት አልፈለገም። ከጎጆው መጋዙን ሲያነሳ መዳፉ ላይ ብርቱካናማ ቀለም ቀረ። የዚያ የመካኒክ በር ነው ብሎ እየተራገመ ሱሪው ላይ ጠረገው። ገመዱን አንድ ጊዜ ሳበ። ሞተሩ ተነሳ።

ግንዱ ሁሉ ተቆርጦ እስኪያልቅ ቀና አላለም። ሲጨርስ ሞተሩን አጠፋና መጋዙን እንደ ልጅ መታ መታ አደረገው። ከዚያ መስኮቱ ሥር ቆሞ፣ ውስጥ ያለችው ሚስቱ እንድትሰማ አድርጎ፣

"በዚህ ቤት ዋሽቶኝ የማያውቅ ይሄ ብቻ ነው!" አለ።

የባለቤቴ መጋዝ የቆመው ያኔ፣ እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው፤ ይሄኛውን መካኒኩ ጋ በሻንጣ እያመላለስኩ አሮጌውን እንዲመስል የምቀባው እኔ ነኝ።