የድል ብረት

ድሮ በጃፓን የመኪና ሻምፒዮና ያሸነፈ መኪና ለቀጣዩ ውድድር፣ ከብዶ ከሌሎቹ ጋር እንዲመጣጠን፣ ብረት ይጫንበት ነበር። አሁን የሚጫንበት ሾፌሩ ነው፤ ብረቱ ከቆዳው ሥር ይሰፋል፣ የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅም አይወጣም።

ሚትሱኤ የባሏን የቴፔን ውድድር ከልጃቸው ከቺካ ጋር በቴሌቪዥን ታያለች። ቺካ አባቷ አጠገብ ነበር የምትተኛው፤ ካለፈው ድል በኋላ ግን በእንቅልፍ ልቡ ሲገላበጥ የብረቱ ክብደት ክንዷን ሰበረው።

ሊያልቅ አንድ ዙር ሲቀረው ቴፔ ሁለተኛ ነበር።

"ምናለ ዛሬ ቢሸነፍ" አለች ሚትሱኤ።

"አባዬ መሸነፍ አይችልም" አለች ቺካ።

ቴፔ ቀድሞ አንደኛ ገባ። ተመልካቹ ሲጮህ ቺካ ተነሳችና በደህና እጇ ፍራሿን ከአባቷ መኝታ ክፍል ወደ ኮሪደሩ ጎተተች። እናቷ አልከለከለቻትም፤ ብርድ ልብስ ይዛ ተከተለቻት።