ከድልድዩ በላይ ያለው ዳገት

«በሉ ውረዱ! መንገዱ አይነቃነቅም!» አለ የሚኒባሱ ረዳት በሩን እየከፈተ። ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ወረደ። ሳሊሀ ግን የሦስት ዓመት ልጇን ኡሙሀኒን ጭኗ ላይ እንዳስተኛች ቀረች። የልጅቷ ግንባር ይፋጃል። ቅድም አክስቷ ቤት ደጋግሞ አስመልሷታል፤ አሁን ደግሞ ዓይኗን መግለጥ እያቃታት ነው።

«ወንድም፣ የምንሄደው ወደ ምኒልክ አደባባይ ነው፣ ክሊኒክ። እንደምንም ብታደርሱን?»

«እህቴ፣ በእግርሽ ትቀድሚናለሽ» አለ ረዳቱ። ክፋት አልነበረውም። እሱ የሚያየው ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላት፣ እግሯ ደህና የሆነ ሴት ነው።

ወረደች። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሽቅብ የሚወጣው ዳገት ፊቷ ተገተረ።

ሳሊሀ የልብ ሕመምተኛ ናት። በልጅነቷ በጉሮሮ ሕመም የተጀመረው በሽታ የልቧን በር አጥብቦ፣ መጀመሪያ ሩጫን ነጠቃት፤ ቀጥሎ ደረጃ መውጣትን፤ ቀጥሎ ተዘርግቶ መተኛትን። ልጇን የምታቅፈው ተቀምጣ ነው። ኡሙሀኒን አባቷ ሙኒር አዝሏታል፣ አክስቷ ሸፊቃ አዝላታለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ አዝሏታል። የእናቷን ጀርባ አታውቀውም።

ሙኒር ለሥራ ደሴ ሄዷል። እሷም ዛሬ ጠዋት ሰውነቷ ላይ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣላትን ኪኒን አልዋጠችም፤ ከዋጠች ሽንት ቤት ያመላልሳታል፣ መንገድ ላይ ደግሞ ሽንት ቤት ከየት ይመጣል። እግሮቿ አብጠው ጫማዋ ጠቧታል።

«ኡሙ፣ ትንሽ ትራመጃለሽ የኔ ማር?»

ልጅቷ ጥቂት ሄዳ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለች። «ኡሚ፣ እዘይኝ» አለቻት እናቷን።

አነሳቻት። መጀመሪያ ላይ የቻለች መስሏት ነበር። የልጅቷ ትንፋሽ አንገቷን እየለበለባት የጫማ መሸጫውን አለፈች። ከዚያ አየሩ አልገባ አለ። ሰው ሁሉ እየተነፈሰ በአጠገቧ ያልፋል፤ ለእሷ ብቻ አየሩ ደጅ ላይ ቀረ። ልቧ ተንፈራገጠ። ዓይኗ ጨለመ። የመብራት ምሰሶ ተደግፋ፣ ልጇን እንዳትጥላት ብቻ እየተጠነቀቀች፣ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ምሰሶው አጠገብ ካልሲ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ብድግ ብላ መጣች። «ምነው እህቴ? ምን ሆናችሁ ነው?»

«ልቤን... ያመኛል። ልጄ... ትኩሳት...»

ሴትየዋ መዳፏን ልጅቷ ግንባር ላይ አሳርፋ ወዲያው አነሳች። «ይሄማ እሳት ነው! በይ ስጪኝ።» የዘረጋችውን ላስቲክ ከነካልሲው ሰብስባ አጠገቧ ለምትሸጠው ሴት አቀበለች። ኡሙሀኒን ጀርባዋ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ጥብቅ አድርጋ አዘለቻት። «ወይኒ እባላለሁ። ሁልጊዜ እዚሁ ነኝ፣ ሰዉ ሁሉ ያውቀኛል። ተነሺ፣ እንሂድ።»

ሳሊሀ ተነሳች። ትንሽ ሄዳ ቆመች። ወይኒም ቆመች። እንደገና ትንሽ ሄዳ ቆመች። ወይኒ ጠበቀቻት፤ ግን እግሯ አላርፍ ብሎ፣ ዓይኗ ዳገቱን ሽቅብ እያየ። ጀርባዋ ላይ የኡሙሀኒ ጭንቅላት ወደ ጎን ወደቀ።

ሳሊሀ ከስሟ በቀር ምንም የማታውቅላትን ሴት አየቻት። ተሰርቀው ስለጠፉ ልጆች የሰማችው ወሬ ሁሉ ባንዴ መጣባት። ልጇን መልሳ ብትቀበል ግን ወዴት ታደርሳታለች?

«ሂጂ» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔን... አትጠብቂ። ክሊኒኩ... አደባባዩ ጋ ሳትደርሺ... አረንጓዴ በር።»

ወይኒ ሮጠች። ልጅ አዝላ፣ ዳገቱን ሮጠች። ሳሊሀ ማየት ብቻ ነበር የቀራት። ነጠላው በሰዉ መሀል ብቅ ጥልቅ ሲል ቆይቶ አንድ አውቶቡስ ጋረደው። አውቶቡሱ ሲያልፍ ነጠላው የለም።

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ግድግዳ ይዛ ስትንፏቀቅ ያያት አንድ ጎረምሳ «ሲስተር፣ በጠራራ ፀሐይ ነው እንዴ የተቀማመሰው?» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። ሳሊሀ ግድግዳውን እንደያዘች አለፈቻቸው።

አረንጓዴው በር ጋ ስትደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል። የክሊኒኩ ጥበቃ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው፣ የሕክምና ክፍሉ በር ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው አስቆሟት። ከመጋረጃው ወዲያ ኡሙሀኒ ታለቅሳለች። መርፌ ሊወጓት ይሆናል።

«ኡሚ! ኡሚ!»

«ል...» አለች ሳሊሀ።

«ቆይ ልጄ፣ ውስጥ ሕፃን እየታከመች ነው። ካንድ ሰው በላይ አይገባም፤ እናትየዋ ገብታለች።»

አፏን ከፈተች። እኔ ነኝ ለማለት የሚበቃ ትንፋሽ አጣች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ መጋረጃውን ጠቆመች።

«አዎ፣ አያለሁ፣ አንቺም ታመሻል። ቁጭ በይ፣ ተራሽ ሲደርስ ትጠሪያለሽ።» ሰውየው በርኅራኄ ክንዷን ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧት።

«ኡሚ!»

«አለሁ፣ አለሁልሽ የኔ ቆንጆ» አለ የወይኒ ድምፅ። «አልቋል፣ አልቋል። አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ።»

ለቅሶው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ።

«ውሃ» አለች ኡሙሀኒ፣ ረጋ ብላ።

ሳሊሀ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች፣ ልጇ ከመጋረጃው ወዲያ ስትጠጣ አዳመጠች።