የአቶ ደጋጋ ሐውልት

የደጋጋ ከተማ ሰው የሆቴሉን ባለቤት ሲያይ መንገድ ይለቅለታል። አባቱ አቶ ዘውዱ ደጋጋ ለአገሩ የመጀመሪያውን ወፍጮ የተከሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ወፍጮው ዳቦ ቤት፣ ዳቦ ቤቱም ሆቴል ወልዷል። ልጃቸው ግን ከሀብቱ ይልቅ የሚኮራው በስሙ ነው። «ከተማዋ የተሰየመችው በአያቴ ነው» እያለ ሠርግ ቤት ከሙሽሮቹ ቀድሞ ምግብ ያነሳል።

ዘንድሮ ደግሞ ለአያቴ አደባባዩ ላይ ሐውልት ይቁም ብሎ ማዘጋጃ ቤቱን ወጥሮ ያዘ። ቢቸግራቸው ሦስት የኮሚቴ አባላት የዘጠና ዓመት እናቱን፣ ወይዘሮ ትርንጎን፣ ሊጠይቁ ቤት ድረስ መጡ።

«እማማ፣ አማትዎን አቶ ደጋጋን ያስታውሷቸዋል?» አለ ጸሐፊው።

«የባሌ አባት ተሰማ ናቸው» አሉ አሮጊቷ። «ደጋጋ የሚባል አማት የለኝም።»

አብሯቸው የተቀመጠው ልጅየው ሳቅ አለ። «እማዬ አሁን አሁን ትረሳለች።»

«ምን እረሳለሁ! አባትህ በሠርጉ ዋዜማ ጠፍቶ ነው ወደዚህ የመጣው። የወፍጮ ፈቃድ ሲያወጣ የአባት ስም ቢጠይቁት፣ የሙሽሪት ወንድሞች በስሙ ተከታትለው እንዳይደርሱበት ፈርቶ የከተማውን ስም ሰጣቸው። በዚያው ጸደቀ።»

ልጅየው ላብ በላብ ሆነ። ጸሐፊው ሳቁን እየታገለ፣ «ሙሽሪትስ ምን ሆነች?» አለ።

«ምን እሆናለሁ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «በዚያ ዘመን እስከ እኛ ቀበሌ ድረስ ወፍጮ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ጤፌን በአህያ ጭኜ መጣሁ።»